ዓባይነሽና በአባቷ ማህተም የወጣው ብር

ፍኖተ ሰላም ላይ፣ ከከብት ገበያው ቁልቁል በሚወርደው ኮረኮንች፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አንዲት ጣሪያዋ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ የቆርቆሮ ቤት አለች። በሯ ላይ ስም አልተጻፈም። ከሰከላ የመጣም ሆነ ከደንበጫ፣ መናኸሪያ ወርዶ «የዓባይነሽ ቤት» ካለ ባጃጁ ሌላ ሳይጠይቅ እዚያ ያደርሰዋል። ውስጧ አንድ ወናፍ፣ አንድ መስፍ፣ ሦስት መዶሻ፣ ጥላሸት የጠገበ ግድግዳ፤ ከበሩ ጥግ ደግሞ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ። ሰው ከሩቅ የሚመጣው ለዚያ ድንጋይ ነው።

ዓባይነሽ ብር ሠሪ ናት። ስድሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ክንዷ ግን የአርባ ዓመት ሴት ክንድ ነው። መዶሻ የያዘችው ወዳ አይደለም። እናቷ ደጀኔን ወልዳ በሳምንቷ ስታርፍ እሷ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ አንጥረኛው ይሄይስ ወናፍ የሚነፋለት ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ያለው አንድ ወንድ ገና ሳምንቱ ነው። ስለዚህ ዓባይነሽ ሕፃኑን በጀርባዋ አዝላ ወናፉ ሥር ተቀመጠች። ሕፃኑ የመዶሻ ድምፅ ካልሰማ አይተኛም ነበር። ጥርሱ ሲወጣ ደግሞ አባቱ የሠራለትን የአንገት መስቀል እያኘከ ምራቁን በትከሻዋ ላይ ያዝረበርብ ነበር። መስቀሏ ጀርባ ላይ የይሄይስ ምልክት፣ አንድ አጭር መስመርና ሦስት ነጥብ፣ ተመትቶባታል። ሕፃኑ ሲያኝካት ሲያኝካት ሦስተኛዋን ነጥብ ወደ ጎን አጣመማት።

ያኔ ሰው ወደዚያ ቤት ሲመጣ ደጃፍ ላይ ይቆማል እንጂ አይገባም። ውኃ ቢጠማው ከእነሱ ጣሳ አይቀበልም። እናቶች ዓባይነሽ ስታልፍ የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። «ቡዳ» ይሏቸዋል፤ ከፊታቸው ሳይሆን ከኋላቸው፣ ግን እንዲሰሙ አድርገው። እንዲያ የሚሉት ሰዎች ሁሉ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለው የይሄይስ እጅ ሥራ ነው።

ይሄይስ አንድ ቀን እሳቱን እየቆሰቆሰ እንዲህ አላት፦

«ውኃችንን አይጠጡም፤ ቃላችንን ግን ይቀበላሉ። ይሄይስ ብር ነው ካለ ብር ነው ይላሉ። ያለን ይሄው ነው ልጄ። ይቺን ከጣልሽ ሌላ የምታነሺው የለም።»

ሲሞት ማህተሙን፣ ያቺን የጥፍር ያህል ብረት፣ ለደጀኔ ሳይሆን ለእሷ ሰጣት። ደጀኔ ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር።  ይህንን አልረሳም።

ዓባይነሽ የምታደርገው ቀላል ነገር ነው። ሰው አሮጌ ጠገራ ይዞ ይመጣል፤ ያቺን የባዕድ አገር ንግሥት ፊት ያለባትን የጥንት ብር። ዓባይነሽ ጥቁሩ ድንጋይ ላይ ትጥላትና ታደምጣለች። እውነተኛ ከሆነች ረዘም አድርጋ ትዘምራለች። ከዚያ በመርፌ ጫፍ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ፍሬ ትቆጥራለች። ዘጠኝ መሆን አለበት። ዘጠኝ ካልሆነ፣ ወይም ፍሬዎቹ ተጣብቀው እብጠት ከመሰሉ፣ «ውሰደው» ትላለች። ደላላ እንኳ ከዚያ በኋላ አይከራከርም።

ደጀኔ ቡሬ ገባ። በበርበሬ ንግድ ሰው ሆነ፤ መጋዘን ሠራ፤ ከሌላ ሰው ጋር ተጋርቶ አይሱዙ ገዛ። የማን ልጅ እንደሆነ ሲጠየቅ «አባቴ ገበሬ ነበር» ይላል አሉ። ዓባይነሽ ይህንን ሰምታለች፤ ያም ሆኖ በዓመት አንዴ ሁለቴ ሲመጣ እንደ ልማዷ እግሩን ልታጥበው ትነሳለች፤ እሱም እንደ ልማዱ «ተይ እታለም» ብሎ እግሩን ይሰበስባል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ ግን ሳይጠበቅ መጣ። እግሩንም አስታጠበ። ከዚያ ከባድ ከረጢት መሬት ላይ አኖረ።

«እታለም፣ እስቲ እነዚህን አድምጭልኝ።»

«ስንት ናቸው?»

«ለጊዜው መቶ አርባ።»

«ለጊዜው?»

«አድምጭ እንጂ አትጠይቂ።» ሳቀ። ከዚያ ሊያስችለው አልቻለም፣ ስልኩን አወጣ። ማያ ገጹ ላይ አንድ ቀይ መስመር ሽቅብ ይወጣል። «የብር ዋጋ ነው። በዓለም ሁሉ። በየቀኑ እየወጣ ነው።»

ዓባይነሽ ዐይኗን አጥብባ አየችው። «ዳገት ነው የሚመስለው። ከወዲያ በኩሉስ?»

«ወዲያ የለውም! ገና እየወጣ ነው እኮ የምልሽ።»

ያን ቀን ሙሉ አደመጠች። አሥራ አንዱን ለይታ «ውሰደው» አለችው። ደጀኔ አሥራ አንዱን ኪሱ ከተተ፤ መቶ ሃያ ዘጠኙን ጭኖ ሄደ። ወንድሟ ሥራዋን ሲፈልግ በማየቷ ደስ ብሏት ነበር። ለካስ ያን ቀን የወሰደው ብሩን ብቻ አልነበረም። ኅዳር ሳይጋመስ ከቡሬ እስከ ደንበጫ ባለው ገበያ ሁሉ የደጀኔ ሰብሳቢዎች ተቀምጠው «የይሄይስ ልጅ አዳምጣው ነው የምንገዛው፤ የምንከፍለው ትክክል ነው» እያሉ ነበር።

በዚያ ዓመት መንገዱ ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። የባሕር ዳር ገዢ አይመጣም፤ የማዳበሪያ ዕዳ ግን ይመጣል፤ የልጅ ትምህርት ቤትም ይጠይቃል። ገዢ ነኝ የሚል አንድ ሰው ብቻ ሲገኝ፣ ያውም በየሳምንቱ ከፍ አድርጎ ሲከፍል፣ ሴቶች ማሰሮ ፈለቀቁ። ለዘመን የተቀበረ ጠገራ ወጣ። አልቦ ከእግር፣ አምባር ከእጅ፣ መስቀል ከአንገት ተፈታ። ባላቸው ሳያውቅ የሸጡ ነበሩ፤ ሚስቱ ሳታውቅ የሸጠም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ በምዕራብ ጎጃም ገበያ ላይ በገንዘብ የሚገዛ ብር ጠፋ። ያለው ደጀኔ መጋዘን ውስጥ ብቻ ሆነ።

ጥር ደግሞ ተቃረበ። ጥር የሠርግ ወር ነው። በዚህ አገር ሙሽራ ያለ ብር መስቀል አትዳርም፤ የወንዱ ወገን ጥሎሹን ይዞ ሲመጣ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚያነሱት ልብሱን አይደለም፣ መስቀሉን ነው።

የዓባይነሽ ምድጃ ታኅሣሥን ሙሉ ቀዝቅዞ ዋለ። በዚያው ወር አንድ ረፋድ ላይ ንግሥቴ የምትባል የጅጋ ሴት፣ ወንድ ልጇን ልትድር የተነሳች፣ ደጃፉን ሞልታ ቆመች።

«እትዬ ዓባይነሽ፣ መስቀል።»

«ብር የለኝም እህቴ። አንድ ጠገራ እንኳ ብታመጪ አሁን እሠራልሻለሁ።»

«ከየት ላምጣ? ወንድምሽ ከአንገቴ ላይ ፈትቶ ወስዶት!»

«ሸጥሽለት እንጂ…»

«ሸጥኩ! ‹እህቱ አዳምጣዋለች፣ ዋጋው ትክክል ነው› ብለውኝ ሸጥኩ! አሁን መልሼ ልግዛ ብል ሦስት እጥፍ ይለኛል። አንዱ ጠርጎ ይወስዳል፣ አንዷ ምድጃዋን አቀዝቅዛ ‹የለኝም› ትላለች። የአንድ ቤት ሰዎች አይደላችሁም? ድሮም ይሉ ነበር እኮ፤ ደም ትመጥጣላችሁ!»

ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ቆመው ነበር። አንዷ የያዘችውን ልጅ ፊት በነጠላ ሸፈነች። ዓባይነሽ ያን ነጠላ ካየች ስንት ዘመኗ ነበር። መዶሻዋን አስቀመጠች፣ በሯን ዘጋች፣ መናኸሪያ ወረደች፣ ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባች።

የደጀኔ መጋዘን ገና ከደጁ ያስነጥሳል። ዓባይነሽ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ በበርበሬ ጆንያ መካከል አልፋ ወደ ጓሮ ዘለቀች። እዚያ ይርሳው የሚባል የጋራዥ በያጅ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ተቆርጦ የተሠራ ድስት ላይ እሳት እያንቦገቦገ ነበር። ድስቱ ውስጥ የንግሥቲቱ ፊቶች ተደራርበው አፍንጫቸው፣ ከዚያ ጉንጫቸው እየቀለጠ ይወርዳል።

«ኧረ ተው! ኧረ ተው!» ጮኸች። «ፊቷን ለምን ታጠፋታለህ?»

ደጀኔ ዞር አለ። ደስ አላለውም። «የማንን ፊት?»

«የሴትዮዋን ነዋ! እውነተኛዋን ከሐሰተኛዋ የምንለየው በምን ሆነና!»

«እታለም፣ አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ የሚገዛው በግራም ነው። ፊት አይገዛም። ቀልጦ፣ ዘንግ ሆኖ፣ በርበሬ ሥር ሆኖ ይሄዳል።»

ዓባይነሽ ተራውን ከሚጠብቀው ሳህን ውስጥ አንዷን አነሳች። መርፌ አላስፈለጋትም፤ ጌጡ እብጠት ብቻ ነው። ሲሚንቶው ላይ ጣለቻት። ጠቅ ብላ ዝም አለች። ሌላ አነሳች፤ እሷም ጠቅ። ሦስተኛዋ ዘመረች፤ አራተኛዋ ጠቅ።

«ይሄን ማን አደመጠው?»

«ማንም። ጊዜ የለም።»

«ፎርጅድ እኮ ነው ደጀኔ! ግማሹ ፎርጅድ ነው። ሰው ከሌላ አገር እያስመጣ ይሸጥልሃል።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቃለህ?»

ደጀኔ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንዱን ‹አልገዛም› ካልኩ ነገ ገበያው ‹ደጀኔ አቆመ› ይላል። ደጀኔ አቆመ ከተባለ ዋጋው ይወርዳል፣ ያለኝ ሁሉ ይወርዳል። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ እገዛለሁ። ከመልካሙ ጋር ሲቀልጥ ማን ያየዋል?»

«እኔ አየሁት።»

«አንቺማ እህቴ ነሽ።» ቀረብ አለና ክንዷን ያዛት። «አንድ ነገር ነው የምፈልገው። የአባቴን ማህተም አምጪልኝ። ዘንጎቹ ላይ ብትመቺበት፣ ከዚህ እስከ ሰከላ ያለ ሙሽራ የሚድር ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ ይገዛል።»

ክንዷን ነጠቀችው። «ሞቼ ነው።»

«የሱ ልጅ አይደለሁም?»

«ወናፍ ንፋ ሲልህ ሸሽተህ በርበሬ ውስጥ የገባህ ልጁ ነህ! ‹አባቴ ገበሬ ነበር› ስትል ያልሰማሁ መሰለህ? ዛሬ ማህተሙ ሲያምርህ የይሄይስ ልጅ ሆንክ?»

ይርሳው መነጽሩን አውልቆ ወደ ሌላ ወገን አየ። የደጀኔ ፊት ጠቆረ።

«አንቺስ ዕድሜሽን ሙሉ ጥላሸት ስትልሺ ኖረሽ ምን አገኘሽ? አሁንም ደጃፍሽ ላይ ቆመው ነው የሚያዙሽ። ውኃሽን የሚጠጣ አለ? ጥር ይግባ ታያለሽ። የአባቴን ጣሳ የተጠየፉት ሁሉ ከኔ እጅ ሊቀበሉ ይሰለፋሉ። አንድ በአንድ! ስማቸውን እየጠራሁ!»

«አይወዱኝም፤ ግን ያምኑኛል።»

«እኔን ይፈሩኝ፤ ይሻለኛል። አሁን ውጪልኝ!»

ይህን ሲል እጁ ሳያውቀው ሸሚዙ ሥር ገብቶ አንገቱ ላይ ያለችውን መስቀል ጨበጠ። ዓባይነሽ አየችው። የምትወጣው ሳል ይዟት፣ ዐይኗ በበርበሬ ቀልቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ያያት ሰው አለቀሰች ብሎ ይሆናል።

ፍኖተ ሰላም ተመልሳ ያየችውን ለማንም አልተናገረችም። ይህን ነው በኋላ ለራሷ ይቅር ያላለችው። ሴቶች ሲመጡ «ብር የለኝም» ትላለች እንጂ «ከደጀኔ አትግዙ» አትልም። ጠዋት ልትናገር ታስባለች፤ ምላሷ ላይ ሲደርስ ያ ሕፃን ጀርባዋ ላይ ይከብዳታል።

ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው፣ መሪጌታ ክንፈሚካኤል ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ወገን መጡ። ቅኔ የሚያስተምሩ፣ ንግግራቸው ረጋ ያለ፣ የዓባይነሽ አባት ሥራ የሆነ መስቀል ከአርባ ዓመት በላይ አንገታቸው ላይ ያለ ሰው ናቸው። ቤቱ ውስጥ ንግሥቴ እንደገና መጥታ እየተነታረከች፣ ሌሎች ሦስት ሴቶችም ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር። ሁሉም ለመሪጌታ ገለል አሉላቸው።

«ልጄ ዓባይነሽ፣» አሉ መሪጌታ፣ «የአባትሽን እጅ ይዤልሽ መጣሁ።»

ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ዘንግ ነው። ክብደቱ መልካም፣ ነጭ፣ ጫፉ ላይ አንድ መስመርና ሦስት ነጥብ ተመትቶበታል።

«ደብራችን አራት ሠርግ አለበት፤ የኔው ልጅ ቴዎድሮስም አንዱ ነው። አራቱ ቤቶች ተሰብስበን አዋጣን። አንዱ ጊደር፣ አንዱ ባሕር ዛፍ ሸጠ። ቡሬ ወረድኩ። ውድ ነው፣ አዎ፣ ነፍስ ያወጣል። ግን ይሄን ምልክት ሳይ ‹ይሄይስ ከሞተም አይዋሽም› አልኩ። አራት መስቀል ይወጣዋል?»

ዓባይነሽ ዘንጉን ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ማህተሙ ሣጥኗ ውስጥ ተቆልፎ ነው ያለው፤ ይህን አልመታችም። ጠጋ አድርጋ አየችው። ሦስተኛዋ ነጥብ ወደ ጎን ጠማማ ናት። ልክ በጥርስ እንደተኘከች።

ከዚያ በላይ ማየት አላስፈለጋትም። ይርሳው ማህተሙን የቀረጸው ከደጀኔ አንገት ላይ ካለችው መስቀል ነው።

እንግዲህ ዝም ማለት ትችል ነበር። እጇ የሠለጠነ ነው፤ ጠርዙን ሞርዳ፣ አለስልሳ፣ ገጹን አብርታ አራት መስቀል ብትሠራ እስከ ዐቢይ ጾም ማንም አያውቅም። ከዚያ ላብ ሲነካው የሙሽራዋን አንገት አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ያኔም ቢሆን «ቡሬ የተገዛ ነው» ይባል ይሆናል እንጂ እሷን ማን ይነካታል? ደጀኔ ይተርፋል። ሁሉም ቤቱ ይገባል።

ዘንጉን በጉጠት ያዘችው። እሳት ውስጥ አስገብታ አጋለችው፣ መስፉ ላይ አጋደመችው፣ መዶሻውን አነሳች። ብር ሲመታ እንደ ሊጥ ይለጠጣል፤ ልጅ ያውቀዋል። በሦስተኛው ምት ጠርዙ እንደ ደረቅ ጭቃ ተሰነጣጠቀ።



«የኔታ፣» አለች፣ «ይሄ ብር አይደለም። ቅይጥ ነው።»

መሪጌታ ወደ ዘንጉ ጎንበስ አሉ። «ምልክቱስ?»

«የአባቴ ምልክት ነው። የመታው ግን የአባቴም የኔም እጅ አይደለም። የተሰረቀ ነው።»

«ማን ሰረቀው?» አለች ንግሥቴ።

ዓባይነሽ መዶሻውን መሬት ላይ አኖረችው። «ወንድሜ ደጀኔ።»

«አንቺ ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ማህተሙን አሁን ነው ያየሁት። ሐሰተኛ እየገዛ እንደሚያቀልጥ ግን ከታኅሣሥ ጀምሮ አውቃለሁ።»

«ከታኅሣሥ! እኛ ስንሸጥና ስንገዛ ቁጭ ብለሽ ታዪናለሽ?»

«አዎ። አየኋችሁ።»

ንግሥቴ መሬቱ ላይ ምራቋን ትፍ አለች። መሪጌታ የተሰነጠቀውን ዘንግ በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉት።  «ዛሬ የተናገርሽውን ታኅሣሥ ብትናገሪው አራት ቤት ይተርፍ ነበር ልጄ» አሏት። ደህና ሁኚ ሳይሉ ወጡ።

ቃሉ ከእሳቸው ቀድሞ ሰከላ ደረሰ። ሚኒባሱ ተሸከመው፣ ስልክ ተሸከመው። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሽማግሌዎች ከቅጥሩ ሥር ተቀምጠው «ዘንድሮ ከጥሎሹ ላይ ብር አይጠየቅም፤ ልጆቹ በማተብ ይዳሩ» ብለው ተስማሙ። መሪጌታ የልጃቸውን ሚስት በጥቁር ክር ማተብ ብቻ ተቀበሉ። ሌላው ደብር ሰማ፤ እሱም እንዲያው አደረገ። ሴቶቹ ደግሞ የበለጠ ጠነከሩበት፤ በዚያ ጥር ብር አንገቷ ላይ አድርጋ የታየች ሙሽራ «የደጀኔን ገዛሽ?» እየተባለች መሳቂያ ሆነች።

ደጀኔ ለሙሽሮቹ ያስቀመጠው ዘንግ ጠያቂ አጣ። በዚያው ወር መጨረሻ ደግሞ ያ ስልኩ ላይ ያለው ዳገት ወዲያ በኩል እንዳለው ታወቀ። በሁለት ቀን ውስጥ ከጫፉ ተንደረደረ። አዲስ አበባ ያለው ሰውዬ መጀመሪያ «ቆይ ትንሽ» አለ፣ ከዚያ «ናሙና ላክ» አለ፣ ናሙናው ተመርምሮ ሲመለስ ስልክ ማንሳት ተወ።

ቡሬ ላይ ሰው መጋዘኑን ከበበው። ዘንግ የገዙት አሉ፤ ገንዘባቸውን ያልተቀበሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ድንጋይ ተወረወረ። ጆንያ ተቀደደ፤ በርበሬው በነፋስ ተነስቶ ሠፈሩን በሙሉ አስነጠሰ፣ አስለቀሰ። ደጀኔን አንገቱን ይዘው ሲጎትቱት ሸሚዙ ተቀደደና ያቺ መስቀል ወጣች። «እዩት! የአንጥረኛ ልጅ ነው ለካ!» አለ አንዱ። ሃያ ዓመት የደበቀውን ነገር ያን ቀን መንገድ ሙሉ ሰው አወቀው።

የከፋው ግን ድንጋዩ አልነበረም። አንዲት አሮጊት በግርግሩ መካከል ገብተው፣ የቀረውን ዘንግ በእጃቸው እየዳበሱ፣ «የናቴ የትኛው ነው? ሦስት ጠገራ ነበሩ፤ አንዷ ጆሮዋ የተበሳ። የትኛው ነው ልጄ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። 

መጋዘኑ ተሸጠ። የአይሱዙው ድርሻ ተሸጠ። የተወሰነው ሰው ገንዘቡ ተመለሰለት፤ የተወሰነው እስከ ዛሬ አልተመለሰለትም። የደጀኔ ሚስት ዘመዶቿ ዘንድ ገባች። ለደጀኔ የተረፈው ማንም ያልፈለገው፣ አራት ጆንያ ሙሉ ዘንግ ነው።

ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት በጋሪ ጭኖት ዓባይነሽ ደጃፍ መጣ። ጋሪው ሄደ። እሱ ደጃፉ ላይ ቆመ። አባቱ በነበረበት ጊዜ ሰዎች ይቆሙበት በነበረው ቦታ ላይ።

ዓባይነሽ ግባ አላለችውም። እግሩን ልታጥብም አልተነሳችም።

«ለዪልኝ» አለ።

«ምኑን?»

«ብሩን ከቅይጡ። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«ቀልጦ ከተዋሐደ በኋላ በኔ እሳት አይለይም። ሳይቀልጥ በፊት ላደምጥልህ እችል ነበር። ‹ጊዜ የለም› አልከኝ።»

«እታለም…»

«እታለም አትበለኝ።»

ወደ ጆንያዎቹ አየ።  ከዚያ «የት ልሂድ?» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ዓባይነሽ ከሣጥኗ ሞረድ አወጣችና ወደ እሱ ወረወረችው። እግሩ ሥር ወደቀ።

«መጀመሪያ ማህተሙን ከያንዳንዱ ዘንግ ላይ ፋቅ። አንዲት ነጥብ እንዳትቀር። ከዚያ በየቀኑ እየመጣህ ወናፉን ትነፋለህ። ቅይጡን አቅልጬ ቀለበትና መስቀል አደርገዋለሁ፤ የመሪጌታ አራት ሙሽሮች በነፃ ይወስዳሉ፣ ሌላው በቆርቆሮ ዋጋ ይሸጣል። ብር አንለውም። ምን እንደሆነ ደግሞ ለሚገዛው ሁሉ የምትናገረው አንተ ነህ። እኔ አልናገርልህም። አንድ ጊዜ ዝም ያልክ ቀን ጆንያህን ይዘህ ትወጣለህ።»

ማህተሙን ፍቆ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጀበት። እጁ ውኃ ቋጠረ። በአራተኛው ቀን ወናፉ ሥር ተቀመጠ፤ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ አነፋፉን አያውቅበትም፤ እሳቱ አንዴ ይንቦገቦጋል፣ አንዴ ሊጠፋ ይደርሳል። ዓባይነሽ አላረመችውም። 

መጀመሪያ የመጣችው ንግሥቴ ነች። ለመግዛት ሳይሆን ለማየት የመጣች ይመስላል፤ ከደጅ ሌሎች ሴቶችም ተከትለዋታል። ጨርቅ ላይ ከተደረደሩት መስቀሎች አንዱን አንስታ ወደ ብርሃን አደረገችው።

«ያምራል። ምንድን ነው?»

ደጀኔ አንገቱን ደፋ። ወናፉን መንፋት አቆመ። ዓባይነሽ መዶሻዋን አየር ላይ ይዛ ጠበቀች። እሳቱ ቀስ እያለ ቀላ፣ ከዚያ መክሰል ጀመረ።

«ብር አይደለም» አለ በመጨረሻ። «ቅይጥ ነው።»

«ማን ቀየጠው?»

«እኔ።»

«አልሰማሁም። ደጅ ያሉትም አልሰሙም።»

ደጀኔ ቀና አለ። ፊቱ ላይ ላብና ጥላሸት ነበር። «እኔ ነኝ የቀየጥኩት!» አለ ጮክ ብሎ። «እኔ፣ የይሄይስ ልጅ ደጀኔ!»

ንግሥቴ መስቀሉን ጨርቁ ላይ መልሳ አኖረችው። አልሳቀችም፣ አላዘነችም። «ነገ ሳልፍ ደግሞ እጠይቅሃለሁ» አለችና ሴቶቹን አስከትላ ወጣች።

ዓባይነሽ ወደ መስፏ ዞረች።

«ንፋ እንጂ» አለች፣ ፊቱን ሳታይ። «እሳቱ ሊጠፋ ነው።»